ጠባቂያችንን የጠበቅንባቸው ዐሥር ቀናት

ውሻ ወደ ቤታችን የመጣው በሌባ ምክንያት ነው። የከተራ ዕለት ታቦት ልንሸኝ ወጥተን ስንመለስ ከሮቶው ሥር የነበረው የውኃ መሳቢያ ፓምፕ የለም። ቧንቧው ተቆርጦ ተንጠልጥሏል፤ ግቢው በውኃ ረጥቧል። ባለቤቴ የተቆረጠውን ቧንቧ ይዞ ብዙ ዝም ብሎ ቆየና «በቃ፣ ውሻ እናመጣለን» አለ።

ልጆቹ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ፓምፑን ረሱት። የአራት ዓመቱ ልጄ ያን ዕለት ማታ ብርድ ልብሱን ሳለብሰው «ማሚ፣ ሌባው ጥሩ ሰው ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ።

እኛ ቤት አምስት ነን። እኔና ባለቤቴ፣ የሰባት ዓመቷ ሚሚ፣ የአራት ዓመቱ ማሙሽ፣ እና ሁላችንም «እማዬ» የምንላት እናቴ። ውሻ ይምጣ ሲባል አምስታችንም ያሰብነው የተለያየ ውሻ ነበር። ባለቤቴ ሌሊት የሚጮህ ፈለገ። ሚሚ አንገቱ ላይ ሪባን የሚታሰርለት። ማሙሽ አልጋው ውስጥ አብሮት የሚተኛ። እኔ ሥራ የማይጨምርብኝ፣ እንዲህ ያለ ውሻ ደግሞ አልተፈጠረም። እናቴ ምንም አልፈለገችም። ውሻ ጠልታ አይደለም፤ ገጠር ስታድግ ከውሻ ጋር ነው ያደገችው። ግን ጠዋት ጠዋት ቅዳሴ ትሄዳለች፤ የንስሐ አባታችንም በየጊዜው እየመጡ ቤቱን ጸበል ይረጫሉ። ውሻ የሚገባበት ቤት ጸሎት እንዴት ይሆናል? ስለዚህ ሦስት ነገር አስማለችን። ደፍ አይሻገርም፤ ነጠላዬን አይነካም፤ በድስቴ አይበላም።

ቡችላው የመጣው ከጥምቀት በኋላ በነበረው ሳምንት ነው። የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ግቢ ውስጥ የተወለደ የአበሻ ውሻ ነው። መላ አካሉ ቡናማ፣ አራቱም እግሮቹ ካልሲ ያደረጉ ይመስል ነጭ። ሁለት ወር ሞልቶታል። ባልደረባው ከዚያ በፊት አልሰጥም ብሎ ነው የያዘው፤ ትክክል ነበር። ቡችላ ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ ከተለየ ንክሻ ምን ያህል እንደሚያምም ከወንድሞቹ ጋር እየተጫወተ ሳይማር ይወጣል።

ስም ማውጣቱ ሁለት ቀን ፈጀ። ሚሚ ከካርቱን ያገኘችውን የፈረንጅ ስም አቀረበች። እናቴ ሳቀች። «የውሻ ስም እኮ መልእክት ነው» አለችና የአባቷን ውሻ ታሪክ ነገረችን። አያቴ ጎረቤቱ ድንበር ገፍቶ ሲያርስበት ሽማግሌ ልኮ አልሆነለትም። ስለዚህ ውሻውን «ዳኛው ይየው» ብሎ ሰየመው። በየምሽቱ አጥሩ ሥር ቆሞ ጎረቤቱ እስኪሰማ «ዳኛው ይየው! ና! ዳኛው ይየው!» እያለ ይጠራው ነበር። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ «እንግዲያው የእኛ ‹ፓምፑን መልስ› ይባል» አለ። እኛ ስንከራከር ማሙሽ «ቡቺ» እያለ ሲጠራው ቡችላው መዞር ጀምሯል። ቡቺ ሆኖ ቀረ። አዲስ አበባ ውስጥ ግማሹ ቡችላ ቡቺ ነው።

የመጀመሪያው ሌሊት ማንም አልተኛም። ከደጅ ካለው ማድ ቤት ካርቶን ውስጥ ጆንያ አንጥፈን አስተኛነው፤ እስኪነጋ አለቀሰ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማሙሽ አልጋው ላይ የለም። ማድ ቤት ስሄድ ካርቶኑ አጠገብ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጦ «እማዬ ነጋ ስትል ይነጋል» እያለ ያባብለዋል። እናቴ ሁልጊዜ ለእሱ የምትለው ነው።

ጠዋት የሠፈሩ ጥበቃ አባባ መጥተው አዩትና ምክራቸውን ለገሱን። ጆሮው በጊዜ ይቆረጥ፣ ንቁ ይሆናል። ሚጥሚጣ ይቅመስ፣ ኃይለኛ ይሆናል። ቀን ቀን ይታሰር፣ ሌሊት ሲፈታ ሰው አያስጠጋም። የጆሮውንና የሚጥሚጣውን ነገር ባለቤቴ እሺም እምቢም ሳይል አሳለፈው። ማሰሩን ግን ተቀበልን። ለአንድ ሳምንት ያህል ቡቺ ሎሚ ዛፏ ሥር በገመድ ታስሮ ዋለ። ኃይለኛ አልሆነም፤ ብቸኛ ሆነ። ሲፈታ ደግሞ የታፈነ ጉልበቱን ሁሉ ልጆቹ ላይ ያወጣዋል፤ ቀሚስ ይጎትታል፣ ካልሲ ይነጥቃል፣ ተረከዝ ይነክሳል።

እናቴ ቅዳሴ ላይ ስትሆን ልጆቹ ሳሎን ያስገቡት ነበር። እኔም አይቼ እንዳላየ አልፋለሁ። ሲገባ ደግሞ ይሸናል። ምንጣፍ ላይ፣ የሶፋው እግር ሥር፣ አንድ ቀን የባለቤቴ ቦርሳ ውስጥ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ የማይመች ነገር ልናገር። ማሙሽን ከዳይፐር ያወጣሁት ገና አምና ነው። ከፖፖው አጠገብ በርጩማ ይዤ ተቀምጬ እዘፍንለት ነበር። ሱሪው ላይ ሲለቀው «አይዞህ፣ ነገ ደግሞ እንሞክራለን» እል ነበር። ለቡችላው ግን ያ ትዕግሥት አልተረፈኝም። ከሥራ ስመለስ ሽንቱን ካየሁ አንገቱን ይዤ አፍንጫውን እርጥቡ ላይ አስደግፌ በነጠላ ጫማ እመታው ነበር። «ስንቴ ልንገርህ!» እያልኩ። ልጅ ሳለሁ ውሻና ድመት እንዲህ ሲቀጡ አይቻለሁ፤ ሌላ መንገድ አላውቅም ነበር።

የእንስሳት ሐኪሙ ጋር የወሰድነው በመጣ በሳምንቱ ነው። ዶክተሩ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ክትባቶቹን ዘረዘሩልን፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሦስት ወር ሲሞላው እንደሚወስድ ነገሩን። ስለ ሽንቱ ስጠይቃቸው ሳቅ አሉ። የሁለት ወር ቡችላ ከሦስት ሰዓት በላይ መያዝ አይችልም አሉኝ። ከእንቅልፍ ሲነሳ፣ በልቶ ሲጨርስ፣ ተጫውቶ ሲያበቃ ወደ ውጭ ይውጣ፤ ደጅ ሲሸና እዚያው፣ ሳይዘገይ ቁራሽ ነገር ይሰጠው። ከሠራው በኋላ ቆይቶ የሚመታ ቡችላ ለምን እንደተመታ አያውቅም። የሚማረው ሰው ፊት መሽናት አደገኛ መሆኑን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከሶፋ ጀርባ ተደብቆ ይሸናል። አክለውም «ልጆች ካሉ ደግሞ ከእሱ ጋር ብቻቸውን አይተዉአቸው። ሲበላና ሲተኛ አይንኩት። ከነከሰ ግን ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ ወዲያው ሕክምና» አሉ።

ሰማሁ፤ ራሴንም ነቀነቅሁ። ከሦስት ቀን በኋላ ግን ደክሞኝ ገብቼ የሶፋውን ጥግ ርጥብ ሳየው ነጠላ ጫማው እጄ ላይ ነበር። ማሙሽ በር ላይ ቆሞ ያያል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። እኔ ደጅ ልብስ አጥባለሁ፣ ሚሚ የጎረቤት ልጅ ጋር ናት፣ ባለቤቴ ወጥቷል። መጀመሪያ የቡችላው ጩኸት፣ ከዚያ የልጄ ጩኸት ተከታተለ። ስገባ ማሙሽ ሶፋው አጠገብ ቁጭ ብሎ ቀኝ እጁን በግራው ይዟል። ከአውራ ጣቱ ሥር ሁለት ቀዳዳ፤ ደም ወደ ክንዱ ይወርዳል። ቡቺ ከሶፋው ጀርባ ጥጉ ውስጥ ተሸጉጦ ይንቀጠቀጣል።

እናቴ የተፈጨ ቡና በማንኪያ ይዛ ደረሰች። ደም ለማቆም እኛ ቤት ቡና ነው፤ ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳ እስካሁን ጥቁረቱ የቡና ነው። የዶክተሩ ድምፅ ትዝ ብሎኝ «እማዬ፣ ቡናውን ተዪው፣ ሳሙና!» ብዬ ጮህኩ። ቧንቧውን ብከፍት ውኃ የለም። ፈረቃችን አይደለም፤ ሮቶው ደግሞ ያለ ፓምፕ አይሞላም። እናቴ ከጀሪካን በጆግ እየቀዳች ታፈሳለች፣ እኔ በሳሙና አሻለሁ፣ ልጄ ይጮሃል። 15 ደቂቃ እንዲህ ረጅም መሆኑን ያን ዕለት ነው ያወቅሁት። ሁለት ጀሪካን ጨረስን።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደጅ ወጥቷል። ጎረቤት ሁሉ አጥሩ ጋ ተሰብስቦ ይመክራል። ጥበቃው አባባ ዱላቸውን ይዘው ቆመዋል። «ልጄ፣ ደም የቀመሰ ውሻ አይቀመጥም። ፍቀጂልኝና ልገላግልሽ።» እውነቱን ልናገር፤ ያኔ ቢገሉት ዝም የምል ይመስለኛል። «ስመለስ እንነጋገራለን» ብዬ ልጄን አዝዬ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ያንን ያልኩት ከደግነት አልነበረም፤ ጊዜ ስላልነበረኝ ነው።

ከእኔ ትውልድ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ «ፓስተር» ሲባል ሆዱ ይሸማቀቃል። ልጅ ሳለን የውሻ መርፌ ማለት ሆድ ላይ በየቀኑ፣ ለሁለት ሳምንት ገደማ የሚወጋ ማለት ነበር። በእሱ ነው እየተስፈራራን ያደግነው። ታክሲው ውስጥ የማሙሽን ሆድ በእጄ ሸፍኜ ነበር የያዝኩት። የሄድንበት ጤና ተቋም ሲስተሯ ይህን ስነግራት ያ ክትባት አሁን እንደቀረ፣ የአሁኑ ክንድ ላይ የሚሰጥና ቁጥሩም ጥቂት እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያ መዝገብ ከፍታ መጠየቅ ጀመረች። ውሻው የማን ነው? ስንት ወሩ ነው? ተከትቧል? አልተከተበም፤ ገና ሦስት ወር አልሞላውም። «ሳይነኩት ነው የነከሰው ወይስ ነክተውት?»

«ሳይነኩት ነው» ልል አፌን ስከፍት ማሙሽ ከጭኔ ላይ ሆኖ መለሰ። «መታሁት። ሶፋው ጋ ሸና። በማሚ ጫማ መታሁት። ስንቴ ልንገርህ አልኩት። ከዛ ስጎትተው ነከሰኝ።» የኔን ድምፅ አስመስሎ ነው «ስንቴ ልንገርህ» ያለው። ሲስተሯ ቀና ብላ አላየችኝም፤ ጻፈች። ስላላየችኝ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። ከዚያ ሲስተሯ ልብ ብዬ እንድሰማት ወንበሯን አስጠግታ ነገረችኝ። ቫይረሱ ውሻው ምራቅ ውስጥ የሚገኘው ውሻው መታመሙ ሊታወቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ጀምሮ ነው። ስለዚህ በነከሰው ሰዓት ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ ከነበረ ዐሥር ቀን ሳይሞላ ውሻው ይታመማል፣ ይሞታል። ዐሥር ቀን በጤና ከቆየ ግን በዚያ ንክሻ ልጁ አልተጋለጠም ማለት ነው። ክትባቱ ግን ያን እየጠበቀ አይቆምም፤ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ። «ውሻውን እንዳትገድሉት» አለች። «እንዳይጠፋም። ብዙ ሰው ወዲያው ገድሎ ይመጣል፤ ከዚያ የምናየው ነገር አይኖርም።»

ታክሲ ውስጥ ሆኜ ለባለቤቴ ደወልኩ። እሱ ደርሷል፤ ጥበቃው አባባ ከነዱላቸው በሩ ላይ ናቸው። «እንዳይነኩት! በሩን ቆልፍ፣ አጥሩን እይ፣ እንዳያመልጥ!» አልኩት። ከሁለት ሰዓት በፊት ቢሞት ግድ የማይሰጠኝ ቡችላ አሁን የልጄ ሕይወት የተጻፈበት ወረቀት ሆኖብኝ ነበር።

ባለቤቴ የማድ ቤቱ በር ላይ በጠመኔ ዐሥር ሣጥን ሣለ። በየማታው አንዱ ላይ ምልክት እናደርጋለን። ፓምፓችንን ይጠብቅልን ብለን ያመጣነውን ውሻ አምስታችን ተራ ገብተን እንጠብቀው ጀመር።

ያን ሌሊት ልጆቹ ከተኙ በኋላ እናቴ ከዚህ በፊት ነግራኝ የማታውቀውን አጫወተችኝ። ልጅ ሳለች በሠፈራቸው አንድ እረኛ ልጅ በውሻ ተነክሶ ነበር። ቁስሉ ድኖ፣ ሁሉም ረስቶት፣ ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት ውኃ በቅል ሲሰጡት ጉሮሮው ተዘጋ፤ ቅሉን ሲያይ ይንፈራገጥ ጀመር። ምሰሶ ላይ አሰሩት። እናቱ ደጅ ቆማ ድምፁን ትሰማ ነበር። «ከሁለት ይሁን ከሦስት ቀን በኋላ ዝም አለ» አለች እናቴ፤ ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መድኃኒት እንደሌለው አውቅ ነበር። ማወቅና ከእናት አፍ መስማት ይለያያል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ነጠላዋን ለቅዳሴ ብቻ አደረገች። ሌሊት ሌሊት አሮጌ ጋቢዋን ለብሳ ትወጣለች። በሦስተኛው ሌሊት ተከተልኳት። ማድ ቤቱ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የሻይ ጽዋ ቡችላው አፍ ሥር ይዛለች። «ጠጣ እንጂ፣ ጠጣ የኔ ልጅ። በእመቤቴ ጠጣ» ትለዋለች። ሲጠጣ ታማትባለች። የምትፈትነው ውኃ ይፈራ እንደሆነ ነው። ያቺ ጽዋ ከቤት ጽዋዎች አንዷ ነበረች፤ ምንም አላልኳትም።

በዚሁ መሐል ዘወረደ ገባ። ልኳንዳ ቤቱ ተዘጋ። ቡችላው ምን ይብላ? እስከዚያ ከራታችን የተረፈውን እንጀራ በወጥ እንሰጠው ነበር፤ ዶክተሩ ግን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ ጎጂ እንደሆነ ነግረውናል። የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት ምንድን ነው? ሽሮውም፣ ምስሩም በሽንኩርት ነው የሚሠራው። ለሰው የጾም ምግብ ለቡችላው አልሆነም። ከፍሪጅ የቀረችውን ሳንባ በደንብ ቀቅለን፣ ከሩዝ ጋር እያደባለቅን፣ ቀን ቀን ደግሞ እንቁላል። ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ መስጠት ኮሶ ያስይዘዋል፤ ከእሱም ወደ ልጆች የሚተላለፍ አለ። በጾም ቤታችን የእንቁላል ሽታ ሲሸት መጀመሪያ እኔ ነበርኩ የተሸማቀቅሁት። እናቴ ግን ራሷ ቀቀለችው። በየትኛው ድስት እንደቀቀለችው አልጠየቅኳትም።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ቡቺ አልተነሳም። ጆንያው ላይ አስመልሷል፣ እንቁላሉን አልነካም፣ ዓይኑ ተንከራትቷል። ሚሚ ከጓደኞቿ የሰማችውን ሁሉ ለወንድሟ ነግራዋለች መሰል፣ ማሙሽ ወደ እኔ መጥቶ «ማሚ፣ ቡቺ ከሞተ እኔም እሞታለሁ?» አለኝ። ለሥራ ለብሼ ነበር፤ ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ ነው። «አትሞትም፣ መርፌህን እየተወጋህ ነው» አልኩት። ድምፄ እንዳሰብኩት አልወጣም። እሱ ድምፄን ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

ባለቤቴ ፈቃድ ጠይቆ ቡችላውን በካርቶን ይዞ ሐኪሙ ጋር ሄደ። እኔ ቢሮ ተቀምጬ ስልኩን አያለሁ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ደወለ። ሆዱ በትል ተሞልቷል፤ መድኃኒት ተሰጥቶታል፤ ዶክተሩ ሌላ ምልክት አላዩበትም፤ ሆኖም ነገ ይታይ ብለዋል። ማታ ስገባ ማሙሽ በር ላይ ጠብቆ «ማሚ፣ ስፓጌቲ አወጣ!» አለኝ፤ በሕይወቱ ያየው ትልቁ ነገር ያ ነው። በማግስቱ ቡቺ የሚሚን ካልሲ ነጥቆ ግቢውን ዞረ። የካልሲ ሌባ በማየት እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

በእነዚያ ቀናት መሐል አንድ ማታ ስለ ነጠላ ጫማው ለባለቤቴ ስናገር እናቴ ሰማች። «በአንድ ጫማ ይህን ያህል? አንቺንም በአርጩሜ ነው ያሳደግኩሽ። ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ተቆጥታ አልነበረም፤ መልሱን የምትፈልግ ትመስል ነበር። መልስ አልሰጠኋትም። እናቴ ብቻዋን አራት ልጅ አሳድጋ ለወግ ማዕረግ ያበቃች ሴት ናት፤ እኔ ምን ልላት እችላለሁ? ግን ልጅ ሳለሁ የውኃ እንስራ የሰበርኩ ቀን ከአልጋ ሥር ስገባ፣ እሷ እጇን ሰድዳ እግሬን ስትይዝ፣ እኔም ልነክሳት አፌን ከፍቼ እንደነበር አስታውሳለሁ። አልነከስኳትም። ይህን አልነገርኳትም፤ አሁን እዚህ ታነበዋለች።

በዐሥረኛው ቀን ማታ ባለቤቴ የመጨረሻውን ሣጥን ለማሙሽ ሰጠው። ልጁ ጠመኔውን ይዞ ሣጥኑን ብቻ ሳይሆን በሩን በሙሉ ቀባው። በማግስቱ ስንሄድ ሲስተሯ ሦስቱን መርፌ አይታ፣ ውሻው በጤና መኖሩን ጠይቃ፣ ከዚህ በኋላ አያስፈልገውም አለች። እናቴ ቤት ስንደርስ ጸበል ረጨችን። ደጅ ወጥታ ማድ ቤቱም ላይ ረጨች።

ሦስት ወር ሲሞላው በዚያው ሳምንት አስከተብነው። የክትባት ወረቀቱ የልጆቹ የክትባት ካርድ ያለበት ፋይል ውስጥ ነው። ገመዱን ፈታን። ማሙሽና ቡቺ ብቻቸውን አይቀመጡም፤ ይህ ሕግ ለእኔም ከባድ ነው፣ ግን አለ። ሳሎን መግባት እንደ ድሮው ክልክል ነው። ከእንቅልፍ ሲነሳ ሎሚ ዛፏ ሥር የሚወስደው ማሙሽ ነው፣ ከአባቱ ጋር። ሲሸና «ጎበዝ!» ብሎ የሳንባ ቁራሽ ይሰጠዋል፤ ድሮ ፖፖው ላይ እኔ ስዘምርለት የነበረውንም ዘፈን ይዘፍንለታል። «ቁጭ በል» ለመማር አራት ቀን ፈጀበት። ቁራሿን አፍንጫው ላይ ይዞ ወደ ኋላ ማሳለፍ ነው፤ ቀና ሲል ቂጡ በራሱ መሬት ይነካል። ሲነክስ እጃችንን ሰብስበን ጀርባ እንሰጠዋለን፣ ጨዋታው ያበቃል። ከሁሉም ይህ ነው የሠራው፤ ከሁሉም በፊት የሰለቸኝም ይኸው ነው።

ተለወጥኩ ብዬ አልዋሽም። ፋሲካ ሊደርስ ሲል አንድ ማታ አዲስ ያጠብኩትን አንሶላ ከገመድ ላይ አውርዶ ጭቃ ውስጥ ሲጎትተው አይቼ ጎንበስ ብዬ እግሬን ስዳስስ ጫማው የለም። ባዶ እግሬን ነበር የወጣሁት፤ ለካ ለሳምንታት አንደኛውን ነጠላ ጫማ ፈልጌ አጥቼው ነበር። ፍራሽ ስናናፍስ ማሙሽ አልጋ ሥር ተወሽቆ አገኘሁት። ባለበት ተውኩት።

ስለ ጠባቂነቱ ብትጠይቁኝ፣ ቡቺ እስካሁን እንግዳ ሲመጣ ጅራቱን ይቆላል። የሚጮኸው በቆራሌው ላይ ብቻ ነው። አዲሱን ፓምፕ ባለቤቴ ብረት ሳጥን ሠርቶ ቆልፎበታል፤ ቡቺም ሳጥኑ ላይ ይተኛል፣ ይሞቃልና።

ባለፈው እሑድ ሚሚ የፊት ጥርሷ ወለቀ። ጣሪያ ላይ ልትወረውር ስንወጣ ማሙሽ ከጆንያው ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነጭ ነገር አንስቶ መጣ። የቡቺ የወተት ጥርስ ናት፤ አምስተኛ ወሩን ይዟልና እየቀየረ ነው። ማሙሽ መዳፉ ላይ አድርጎ አያት፣ ከዚያ ከአውራ ጣቱ ሥር ያሉትን ሁለት ነጥቦች አየ።

«ይቺ ናት የነከሰችኝ?»

«ትሆናለች» አልኩት።

አስቦ አስቦ እሱም እንደ እህቱ ወረወራት። ቆርቆሮው ላይ ተንከባልላ ተመልሳ እግራችን ሥር ወደቀች። እናቴ ጎንበስ ብላ ከቡቺ ቀድማ አነሳችና፣ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰብስባ፣ «በደንብ፣ ከፍ አድርገህ» ብላ መለሰችለት።